«ተቃቅፈው ነው የሚተኙት፣ ልለያያቸው?»

የዚህ ዙር ጥያቄዎች በሙሉ ስለ አንድ እንስሳ ናቸው፤ ቢርድድ ድራጎን ስለሚባለው ባለጢም እንሽላሊት። ጠያቂዎቹ ሁሉ ደግሞ ሌላ ሰው ማሳደግ አቅቶት የተወውን የተረከቡ ናቸው። በጣም ደስ ብሎኛል። የተጎሳቆለ እንስሳ መቀበል ጤነኛ ሆኖ የመጣን ከማሳደግ ይለያልና አንዳንዱን ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም። አንድ የማውቀው ሰው ቤት ሲቀይር «ከዚህ በኋላ መያዝ አልችልም» ብሎ ሁለት ቢርድድ ድራጎኖች ሰጠኝ። ሁለቱም በአንድ ጠባብ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው የኖሩት። ከታች አሸዋ፣ ከላይ ተራ አምፖል፣ በቃ። አንዱ ወፍራም ነው፣ ሌላው አጥንቱ ይቆጠራል፣ የጭራው ጫፍም የለም። ከመጡ አራት ቀናቸው ነው፣ ከሲታው ምንም አልቀመሰም። ግን በጣም ይዋደዳሉ፣ አንዱ ሌላው ላይ ወጥቶ ነው የሚተኛው። ትልቅ ቤት እስካሠራላቸው አብረው ይቆዩ? ከምንስ ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ለያያቸው። ትልቁ ቤት እስኪሠራ አትጠብቅ። ለጊዜው ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ሣጥንም ይሆናል፣ ብቻ ሙቀትና ብርሃን ይኑረው፣ እርስ በርስም አይተያዩ።

መዋደድ የመሰለህ ነገር መዋደድ አይደለም። እነዚህ እንስሳት በተፈጥሯቸው ብቸኛ ናቸው፤ አገራቸው የአውስትራሊያ መሃል ደረቅ ምድር ነው፣ እዚያ እያንዳንዱ የራሱን ጉቶና ድንጋይ ይዞ ነው የሚኖረው። አንዱ ሌላው ላይ የሚወጣው ሙቀቱንና ብርሃኑን ለራሱ ለመውሰድ ነው። ከላይ ያለው ይሞቃል፣ ከታች ያለው ይቀዘቅዛል፣ ሙቀት ያጣ ደግሞ የበላውን መፍጨት አይችልም፣ መፍጨት ሲያቅተው መብላት ይተዋል። አንዱ ወፍሮ ሌላው የከሳው በዚህ ይመስለኛል። ጭራውም የተነከሰ ሊሆን ይችላል፤ አብረው ሲኖሩ ጣትና ጭራ መነካከስ የተለመደ ነው። የእነዚህ ጭራ እንደ አንዳንድ እንሽላሊቶች መልሶ አይበቅልም። ቁስሉ ደርቆ ከዳነ አያስጨንቅህ። እየጠቆረ ወደ ላይ የሚሄድ ከሆነ ግን ሐኪም ይየው።

አሁን ቅደም ተከተሉን ልንገርህ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የከሳ እንስሳ ስናይ ልባችን ይራራና ወዲያው ምግብ እናቀርባለን፣ አፉን በግድ ከፍቶ ለማጉረስ የሚታገልም አለ። መጀመሪያ ሙቀት ነው። ከዚያ ውሃ። ከዚያ ምግብ። እጅህ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ሙቀቱን ከቤቱ አንድ ጫፍ ላይ አድርገው። እንስሳው የሚተኛበት ድንጋይ ወይም ግንድ፣ የላይኛው ገጹ ከ38 እስከ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ ይድረስ። ሌላኛው ጫፍ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይሁን። ሁለቱም ጫፍ የግድ ነው፤ እንሽላሊት እንደኛ ሙቀቱን ከውስጡ አያመነጭም፣ ሲበርደው ወደ ሞቃቱ ሲሞቀው ወደ ቀዝቃዛው እየሄደ ነው ራሱን የሚያስተካክለው። ጠባብ ሣጥን የማይሆነውም ለዚህ ነው፣ ሁሉም ቦታ እኩል ይግልና መሸሻ ያጣል። ለአንድ አዋቂ ቢያንስ 120 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 60 ወርድ፣ 60 ቁመት ያስፈልጋል። ራሱ ከነጭራው ከ40 እስከ 60 ሴንቲሜትር ይደርሳል እኮ፣ ይህ ቅንጦት አይደለም። ሙቀቱን በግምት አትያዘው፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውንም ቴርሞሜትር አትመነው፤ እያነጣጠሩ የሚለኩበትን ዓይነት ያዝና ድንጋዩን ራሱን ለካው። ከታች የሚሞቅ የኤሌክትሪክ ድንጋይ የሚባለውን ግን ቤትህ አታስገባ። ሆዳቸው ሲቃጠል ቶሎ አይታወቃቸውም፣ ሳይነሱ እዚያው ይጠበሳሉ። ማታ መብራት ሁሉ ይጥፋ፣ ቤቱ ከ18 ዲግሪ በታች እስካልወረደ ድረስ ችግር የለም።

ሌላው ብርሃን ነው። አምፖሉ ሞቀ ማለት ብርሃኑ በቃ ማለት አይደለም። እነዚህ እንስሳት ቆዳቸው ላይ ቫይታሚን ዲ3 እንዲሠራና ካልሲየም አጥንታቸው እንዲገባ ዩቪቢ የሚባለው ጨረር ያስፈልጋቸዋል፣ ተራ አምፖል ይህን አይሰጥም። ረጅሙን የቲ5 ፍሎረሰንት ቱቦ (ቀጭን ረጅም አምፖል) ፈልግ፣ 10 ወይም 12 በመቶ የሚል ጽሑፍ ያለበትን፣ የቤቱን ግማሽ ርዝመት ወይም ከዚያ በላይ የሚሸፍነውን። የሚቀመጥበትን ርቀት አምራቹ ይጽፈዋል፣ እሱን ተከተል። መስኮት አጠገብ ፀሐይ ይመታዋል ብለህ አትዘናጋ፣ መስታወት ይህን ጨረር አያሳልፍም። ቱቦውን ደግሞ ቢበዛ በዓመት ቀይረው፤ ለዓይን እንደ ድሮው ቢያበራም ጨረሩ ይደክማል።

አሸዋውን አውጣውና ወረቀት አንጥፍ። የተዳከመ እንስሳ አሸዋ ከዋጠ አንጀቱ ሊዘጋ ይችላል። በዚያ ላይ ወረቀት ላይ ኩሱን በደንብ ታያለህ፣ በነዚህ ሳምንታት ስለ ጤናው ከኩሱ በላይ የሚነግርህ የለም።

ውሃ ሳህን ላይ ብታስቀምጥለት ላያየው ይችላል። አፍንጫው ጫፍ ላይ አንድ ጠብታ ጣል አድርግለት። መጀመሪያ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ ከዚያ ምላሱ ብቅ ትልና ጠብታዋን ይልሳታል፣ አንዴ ከጀመረ ይቀጥላል። ሲነቃቃ ምግብ ታቀርባለህ፣ ያውም ትንሽ ትንሽ፤ ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ድንገት ብዙ ምግብ ከገባበት ይጎዳል። ነፍሳት ከሆነ በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ስፋት የማይበልጥ፣ ፎስፈረስ የሌለው የካልሲየም ዱቄት የተነሰነሰበት። ከሜዳ የተያዘ ፌንጣ አይሁን፣ ፀረ ተባይ ነክቶት ሊሆን ይችላል። ሳይበላ የቀረውን ማታ አውጣው፣ ተኝቶ ሳለ ይነክሰዋል። አዋቂ ሲሆን አብዛኛው ምግቡ ቅጠል ነው፣ ጎመንና የተፈቀፈቀ ዱባ ጥሩ ናቸው። ቆስጣና ስፒናች አታብዛ፣ ካልሲየሙን ይይዙበታል። አቮካዶ ጨርሶ አይቅመስ። ሰውነቱ የሚያበራ ጥንዚዛ (ፋየርፍላይ) ማታ በመስኮት ቢገባ እንዳያገኘው ተጠንቀቅ፣ አንዱ ብቻ ሊገድለው ይችላል።

ቦታ ሲቀይሩ አንድ ሁለት ሳምንት አለመብላት ያጋጥማል፣ ወፍራሙን ስለዚህ ብዙ አታስብለት። ከሲታው ግን ሙቀቱን ካስተካከልክለት በኋላ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ለውጥ ካላሳየ ተሳቢ እንስሳት የሚያውቅ ሐኪም ጋ ውሰደው።

ጥያቄ፦ እኔ ጋ የመጣችው ገና ዓመት ያልሞላት ናት። መንጋጋዋን ስነካው እንደ ላስቲክ ይላላል፣ ስትሄድ ሆዷ መሬት ይነካል፣ ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። ካልሲየም በብዛት ብሰጣት ይተዋታል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ቤት ውስጥ አትሞክሪው። ዛሬ ካልሆነ ነገ ሐኪም ይያት። የነገርሽኝ ሁሉ የአጥንት መሳሳት ምልክት ነው፤ ያለ ዩቪቢና ያለ በቂ ካልሲየም ስታድግ ሰውነቷ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቷ ወስዶ ይጠቀምበታል። መንቀጥቀጡ ደግሞ ደሟ ውስጥ ያለው ካልሲየም በጣም መውረዱን ነው የሚያሳየው፣ ይህ እስከ ሞት ያደርሳል። ጨረሩ ከሌለ ዱቄቱን ብታበዢው ሰውነቷ አይቀበለውም፣ ዲ3 ያለበትን በራስሽ መጠን መስጠት ደግሞ ራሱን የቻለ መርዝ ነው። ሐኪም ጋ እስክትደርሺ ከፍ ያለውን እንጨትና ድንጋይ ሁሉ ከቤቷ አውጪ፣ ከወደቀች ትሰበራለች። ስታነሺያት አንድ እጅሽ ደረቷ ሥር ሌላው ከኋላ እግሮቿ ሥር ይሁን፣ በጭራሽ ከጎን ጨብጠሽ አታንሺ። የተጣመመው እግር ላይቃና ይችላል። መንጋጋዋ ግን ከታከመች ይጠነክራል፣ እንዲህ ሆነው መጥተው ከዚያ ዓመታት የኖሩ አሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ለትምህርት ሲሄድ እኔ ላይ ጥሎት የሄደ ነው። እሱም በጊዜው ከሌላ ሰው የተቀበለው ነበር። እጄን ባስገባሁ ቁጥር ጢሙ ጥቁር ይሆናል፣ አፉን ይከፍትብኛል። በዚህ ዕድሜዬ ከእንሽላሊት ጋር መጣላት አልፈልግም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አባባ፣ አልጠላዎትም፣ ፈርቶዎት ነው። እስቲ ሲረጋጋ አናቱን ጠጋ ብለው ይዩት። በቅርፊቶቹ መካከል ፈዘዝ ያለች ነጥብ አለች። ሦስተኛ ዓይኑ ናት። ምስል አታሳየውም፣ ብርሃንና ጥላ ግን ትለያለች። ከላይ ጥላ ሲወርድበት ለእሱ አሞራ መጣ ማለት ነው፣ እርስዎ ደግሞ እጅዎን የሚያስገቡት ከላይ ይሆናል። በር ያለው ከፊት ለፊት የሚከፈት ቤት ካገኙ ግማሹ ችግር ያልቃል። ካልሆነም እጅዎን ዝቅ አድርገው ከጎን፣ እያየዎት፣ ቀስ ብለው ያስገቡ።

ሌላው መስታወቱ ነው። የራሱን ምስል ሲያይ ሌላ ወንድ የመጣበት ይመስለዋል፣ ቀኑን ሙሉ ሲዝት ይውላል። ሦስቱን ጎን በወረቀት ይሸፍኑለት። ገብቶ የሚደበቅበት ነገርም ያስገቡ፤ መደበቂያ ያለው ይበልጥ ይወጣል። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ያህል አይንኩት፣ ምግቡን አስቀምጠው አጠገቡ ቁጭ ብለው የራስዎን ሥራ ይሥሩ። አንድ ቀን አንዱን የፊት እግሩን ከፍ አድርጎ በዝግታ ሲያወዛውዝ ያዩት ይሆናል፣ «ካንተ ጋር ጠብ የለኝም» ማለቱ ነው። ያኔም ይታገሱት። ጢሙ ሳይጠቁር ከእጅዎ ቅጠል መውሰድ ሲጀምር ነው ማንሳት የሚቻለው።

ጥያቄ፦ ከተረከብኩት ወር ሊሞላው ነው። ጥሩ ይበላ ነበር፣ አሁን ጥግ ገብቶ መተኛት ብቻ ሆኗል። ጓደኛዬ «የክረምት እንቅልፍ ነው፣ ተወው» አለኝ። ልተወው?

መልስ፦ አትተወው። አዋቂ ቢርድድ ድራጎን በቀዝቃዛው ወቅት ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ሊተኛ ይችላል፣ ጓደኛህ አልዋሸህም። ችግሩ በጥገኛ ተውሳክ የተያዘም፣ ሙቀት ያነሰውም እንስሳ እንደዚሁ ጥግ ይገባል። ታሪኩን የማታውቀው እንስሳ ሲሆን መጀመሪያ በሽታን አስብ። የሚሞቅበትን ቦታ ለካ። የዩቪቢ ቱቦው መቼ እንደተገዛ ካላወቅህ ቀይረው። ትኩስ ኩስ ይዘህ ሐኪም ጋ ሂድና ኮክሲዲያ የሚባለውን በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክና የአንጀት ትል ያስመርምሩልህ፤ ጥቂቱ ብዙዎቹ ላይ አለ፣ የተዳከመ ላይ ሲበዛ ነው የሚገድለው። ሁሉም ንጹህ ሆኖ ከተገኘ፣ እንስሳውም ወፍራም ከሆነ፣ ይተኛ። በየሳምንቱ በትንሽ ሚዛን መዝነው፣ እንቅልፍ ላይ ያለ ክብደቱ ብዙም አይቀንስም። እየቀነሰ ከሄደ እንቅልፍ አይደለም።

ሌላ ቢርድድ ድራጎን ቤት ውስጥ ካለህ ደግሞ አዲሱን ከ60 እስከ 90 ቀን ሌላ ክፍል አቆየው። ሳህንና መቆንጠጫ አይጋሩ፣ መጀመሪያ ነባሩን ከዚያ አዲሱን አብላ። አዴኖቫይረስ የሚባለው በኩስ ይተላለፋል፣ መድኃኒትም የለውም።

ጥያቄ፦ ብቻዋን ናት፣ ወንድ አይታ አታውቅም፣ ግን እየቆፈረች ነው፣ ሆዷም እብጥ ብሏል። እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ይሆናል። ሴቶቹ ያለ ወንድም እንቁላል ይጥላሉ፣ የሚፈለፈል አይደለም እንጂ። ሙሉ ሰውነቷ የሚገባበት ጥልቅ ዕቃ ውስጥ ሲቆፈር የማይናድ እርጥብ አፈርና አሸዋ ቀላቅለሽ አስቀምጪላትና ብቻዋን ተያት። መቆፈሪያ ያጣች እንቁላሉን ልትይዘው ትችላለች፣ ይህ አደገኛ ነው። ቆፍራ ቆፍራ ሳትጥል ከደከመች ሐኪም ጋ ይዘሻት ሂጂ።

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት ልጅ አለኝ። ችግር ይኖረዋል?

መልስ፦ ጤነኛ የሚመስል እንሽላሊትም ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ላይ ደግሞ ይከብዳል። ልጁ ይይ፣ አይንካ። እናንተም ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። እንስሳውን የምታጥቡበትና ዕቃዎቹን የምታጸዱበት ሳፋ ለብቻው ይሁን፣ የወጥ ቤት ማጠቢያው አጠገብም አይድረስ።