ለመጀመሪያ ሥራ ቤት ወይስ ቢሮ፦ ጎንሽ ማን ይቀመጣል?

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ሁለተኛውን ትንሽ እየተናደድኩ ነው፣ ባንቺ ግን አይደለም፣ በማን እንደሆነ ወደታች ስትወርጂ ትደርሺበታለሽ።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ አካውንቲንግ ተመርቃ ስምንት ወር ሥራ ስትፈልግ ቆይታ አሁን ባንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት መጣላት። አንዱ አነስ ያለ የሂሳብና ኦዲት ቢሮ ውስጥ ጁኒየር፣ ከሰኞ እስከ አርብ ቢሮ፣ መንገዱ ደርሶ መልስ ሶስት ሰዓት። ሌላው ሙሉ ለሙሉ ከቤት፣ የደንበኛ መረጃ ማስገባትና ኢሜይል መመለስ፣ ክፍያው ከቢሮው በ30 በመቶ ይበልጣል፣ ግን በኮንትራት ነው። እናቷና ወንድሟ የቤቱን ያዢ ይሏታል፣ አባቷ ደግሞ ከቤት የሚሠራ ሥራ ሥራ አይደለም ባይ ናቸው። እሷ ራሷ ወደ ቤቱ ያደላች ይመስላል፣ ምክንያቷንም መሃል ላይ እንዲሁ ጣል አድርጋው አልፋለች፦ «እኔ ዝምተኛ ነኝ፣ ሰው መሃል ጥያቄ መጠየቅ ያስፈራኛል፣ ቤት ብሆን ማንም አያየኝም።»

እኔን የያዘችኝ ይቺ ናት። ማንም አያየኝም።

ምን መሰለሽ፣ ጥያቄ መጠየቅ የሚፈራ ሰው ቤት ሲቀመጥ ፍርሃቱ አይለቀውም፣ እንደውም ይብስበታል። ቢሮ ውስጥ ጥያቄ ማለት ወንበርሽን ዞር አድርገሽ «ይቺን የት ነው የማስገባት?» ማለት ነው፣ አስር ሰከንድ፣ አለቀ፣ ማታ ማንም አያስታውሰውም። ከቤት ግን ያቺው ጥያቄ ጽሑፍ ትሆናለች። ትጽፊያታለሽ፣ ታነቢያታለሽ፣ የማታውቅ ታስመስለኛለች ብለሽ ታጠፊያታለሽ፣ «ይቅርታ ላስቸግርህና» ብለሽ እንደገና ትጀምሪያለሽ፣ ከላክሽ በኋላ ደግሞ ሰውየው እንዳየው እያወቅሽ መልስ ሳይመጣ ስልክሽን ስታገላብጪ ትውያለሽ። ያማከርኩት አንድ ልጅ ነበር፣ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ ሁለት ዓመት ከቤት የሠራ። አንድ ፎርም ላይ ያለች አንዲት ሳጥን በምን እንደምትሞላ ሳይገባው አራት ቀን ሙሉ ባዶዋን እየተዋት አለፈ፣ ግሩፑ ላይ እንዳይጠይቅ ሰላሳ ሰው አለበት፣ አለቃውን በግል እንዳይጠይቅ ደግሞ ስሙን እንጂ ድምፁን እንኳ በቅጡ አያውቀውም። በአምስተኛው ቀን ተነቃበትና የአራቱን ቀን ሥራ እንደገና ሥራ ተባለ። ለኢንተርቪው ሳለማምደው «ከባልደረባህ ጋር ሳትግባቡ ቀርታችሁ እንዴት እንደፈታኸው ንገረኝ» ብለው ትንሽ አሰበና «ባልደረባ ኖሮኝ አያውቅም» አለኝ። ቀልዱን እንዳይመስልሽ።

እኔም የጀመርኩት እንዳንቺው ጁኒየር ሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ ነው። ዴስኬ በሩ አጠገብ ነበር፣ ንፋሱ የኔ፣ ፋይል ፍለጋው የኔ፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስ የምጠራውም እኔ። ከጎኔ ግን ሃያ ዓመት የሠራች አንዲት ሴትዮ ትቀመጥ ነበር። አስተምሪያት ያላት የለም፣ እሷም ላስተምር ብላ አልተነሳችም። አንድ ቀን ደረሰኙና የባንክ ስቴትመንቱ አልገጥም ያለ ደንበኛ ጋር ደወለች። ጠየቀችው፣ ሰውየው የሆነ ነገር መለሰ፣ እሷ ዝም አለች። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አደረገችው፣ ዝም። እኔ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ቀና ብዬ ሳያት በእጇ ቆይ አለችኝ። ከዛ ሰውየው ራሱ ማውራት ጀመረ፣ ለካ ሁለቱ ደረሰኞች የግል ወጪው ናቸው፣ ማንም ሳያስጨንቀው ዘርዝሮ ተናገረ። ስልኩን ዘግታ ሥራዋን ቀጠለች፣ ለኔ አንድ ቃል አልነገረችኝም። እኔ ግን እስከዛሬ ክፍያ ስደራደር ያቺን ዝምታ ነው የምጠቀመው። ሁላችንም በየቤታችን ብንሆን ኖሮ ያንን ስልክ ከየት እሰማው ነበር፣ እኔን የሚመለከት አልነበረማ፣ ማንም ሊንክ አይልክልኝም።

የመጀመሪያ ሥራ ደሞዙ ግማሹ ነው፣ ሌላው ግማሽ እንደዚ ሳትጠሪ የምትሰሚው ነገር ነው የምለው ለዚህ ነው።

የኔ ትዝታ ብቻ እንዳይመስልሽ ደግሞ አንድ ጥናት ልንገርሽ። የስታንፎርዱ ኢኮኖሚስት ኒኮላስ ብሉም ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ሲትሪፕ በሚባል ትልቅ የቻይና የጉዞ ኩባንያ ውስጥ የሠራው ነው፣ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2015። 250 ገደማ ፈቃደኛ የኮል ሴንተር ሠራተኞችን በልደት ቀናቸው ከፈሏቸው፣ ቀኑ ለሁለት የሚካፈል የሆነ በሳምንት አራት ቀን ከቤት፣ ሌላው ቢሮ፣ ለ9 ወር። ከቤት የሠሩት ውጤታቸው በ13 በመቶ ጨመረ፣ ሥራ የሚለቀውም በግማሽ ቀነሰ። ሪሞት የሚወድ ሰው ሁሉ እዚህ ድረስ ያለውን ይጠቅስና ያቆማል። ቀጣዩን ስሚማ። ሙከራው ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ ቢያንስ 6 ወር እዛው መሥራት ነበረብሽ፣ አዲስ ሰው አይገባም፣ ቤትሽ ውስጥም ለብቻሽ የምትሠሪበት ክፍል ሊኖርሽ ይገባል (አንቺ ከእህትሽ ጋር ነው የምተኛው ብለሻል፣ እሱን ያዢልኝ)። ከዛ እድገቱ ሲታይ፣ እኩል ከሠራ የቢሮ ሰው ጋር ሲወዳደሩ ከቤት የሚሠሩት ፕሮሞሽን የማግኘት ዕድላቸው አንሶ ተገኘ። ሙከራው አልቆ እንደፈለጋችሁ ምረጡ ሲባሉ ደግሞ ቤት ከነበሩት ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ ተመለሱ፣ ብቸኝነቱ ከብዷቸው። እነዚህ እንግዲህ ሥራውን አብጠርጥረው የሚያውቁ፣ ስንት ስልክ እንደመለሱ በቁጥር የሚታይላቸው ሰዎች ናቸው። አንቺ የምትፈሪው መታየትን ነው፣ እነሱን የጎዳቸው ደግሞ አለመታየት።

መንገዱ ግን እውነተኛ ችግር ነው፣ አላቃልልብሽም። በቀን ሶስት ሰዓት በሳምንት 15 ነው፣ በዓመት 48 ሳምንት ብትሠሪ 720 ሰዓት፣ ሌት ተቀን ሲቆጠር 30 ቀን። አንድ ወር መንገድ ላይ ማለት እኮ ነው። ስለዚህ ለዘላለም ተመላለሺ አላልኩሽም፣ እየተመላለስሽ ተደራደሪ ነው የምልሽ። ስድስት ወር ከሠራሽ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት ልሥራ ብለሽ ጠይቂ፣ ይሄን ስትጠይቂም ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ያው ብሉም እዛው ኩባንያ ውስጥ (ስሙ አሁን ትሪፕ ዶት ኮም ሆኗል) ሌላ ሙከራ አድርጎ ነበር፣ 1,612 ሠራተኞች፣ ግማሹ ሁሉን ቀን ቢሮ፣ ግማሹ ሁለት ቀን ከቤት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር የሚባል የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። የሥራ ምዘናውም ፕሮሞሽኑም ልዩነት አልታየበትም፣ ሥራ የሚለቀው ግን በሲሶ ቀነሰ፣ በተለይ ሴቶች፣ አለቃ ያልሆኑና መንገድ የሚርቃቸው። ሶስቱንም አንቺ ነሽ። ለኃላፊሽ «ደከመኝ» ከምትዪው «እንደኔ ያለ ሰው ሁለት ቀን ከቤት ሲሠራ ሥራው አይጎዳም፣ አይለቅባችሁም» ብትዪው ይሻላል። ሁለት ባላ ትከል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

አንድ ነገር ግን ከመፈረምሽ በፊት አጣሪልኝ፣ ይሄንን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቢሮ የተባለው ውስጥ ሰው አለ ወይ? ሲኒየሮቹ ሁሉ ከቤት የሚሠሩ ከሆነና አንቺ ሶስት ሰዓት ተጉዘሽ ባዶ ክፍል ውስጥ ሄድፎን ሰክተሽ ዙም የምትገቢ ከሆነ፣ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ይፈርሳል፣ ቤትሽ ተቀመጪ። በቀጥታ ጠይቂያቸው፦ «ሥራ የሚያሳየኝ ሰው ማነው? በሳምንት ስንት ቀን ቢሮ ይመጣል? እኔስ የት ነው የምቀመጠው?» የመጨረሻዋን ሲሰሙ ሊስቁ ይችላሉ፣ ይሳቁ። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቶማስ አለን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢንጂነሮችን አጥንቶ ዴስካቸው በተራራቀ ቁጥር ስለ ሥራ የሚነጋገሩት በጣም እንደሚቀንስ፣ ከ50 ሜትር ካለፈ ደግሞ ብዙም እንደማይነጋገሩ አሳይቷል። አንድ ሕንፃ ውስጥ ሆነው እኮ ነው! ሥራ የሚያውቀው ሰው አጠገብ ቦታ ካለ፣ በሩ ጋ ይሁን ንፋስ ይግባበት፣ ያዢው።

ስለ ገንዘቡ። 30 በመቶ ይበልጣል ያልሽው ሂሳብ አልተሠራም፣ አንቺ ደግሞ የሂሳብ ልጅ ነሽ፣ አፍሬብሻለሁ። ኮንትራት ላይ ስትታመሚ ማነው የሚከፍልሽ? የዓመት እረፍት አለ? ጡረታ የሚቆረጥልሽ አለ ወይስ ራስሽ ነሽ የምታስቀምጪው? ግብሩን እነሱ ቀንሰው ነው የሚሰጡሽ ወይስ ዓመት ሲያልቅ አንቺ ላይ ይመጣል? ላፕቶፑ፣ ኢንተርኔቱ፣ መብራቱ፣ ወንበሩ የማን ነው? ባንድ በኩል ይሄን ሁሉ ቀንሺ፣ በሌላ በኩል ከቢሮው ደሞዝ ትራንስፖርቱን ቀንሺ፣ የቀረውን ከቀረው ጋር አወዳድሪ። ምናልባት አሁንም የቤቱ ይበልጥ ይሆናል፣ ግን 30 በመቶ ሆኖ መቅረቱን እጠራጠራለሁ። ቤታችሁ ያለዛች ልዩነት የማያድር ከሆነ ግን ሌላ ወሬ ነው፣ ያን ጊዜ የቤቱን ያዢና ባንድ ዓመት ለመውጣት አስቢ፣ ማንም አይፈርድብሽም። በደብዳቤሽ ላይ ግን እንደዛ አላልሽም፣ ያልሽው «ወንድሜ ልጆቹን እግረ መንገድሽን ታይልኛለሽ አለኝ» ነው።

የተናደድኩት እዚህ ጋ ነው። ወንድምሽ ላንቺ ሥራ እየመረጠ አይደለም፣ ሞግዚት እየፈለገ ነው፣ ሞግዚት ደግሞ ደሞዝ አላት። እግረ መንገድ የሚባል ልጅ መጠበቅ የለም፣ የሁለት ዓመትና የአራት ዓመት ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ኢሜይል እየመለስሽ አስቢው። ደንበኛው በሃያ ደቂቃ ውስጥ መልስ ይጠብቃል፣ ትንሹ ቻርጀሩን ነቅሎ እየሮጠ ነው፣ እናትሽ ደግሞ «አንዴ ተነሽልኝ፣ ቁጭ ብለሽ አይደል የምትውይው» ይሉሻል። እናትሽ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ቤት ያለ ሰው ሥራ ላይ ያለ ስለማይመስላቸው ነው። ወንዱ ልጅ ከቤት ሲሠራ በሩ ይዘጋለታል፣ ሴቷ ስትሠራ በሩ ክፍት ይሁን ይባላል፣ ይሄን በስንት ቤት እንዳየሁት አልነግርሽም። እኔም ዘጠኝ ዓመት ቢሮ ከሠራሁ በኋላ ልጅ ስወልድ ነው ወደ ቤት የገባሁት፣ ይሄንንም የምጽፍልሽ ከቤት ነው፣ ያን ጊዜ ግን ስልኬ ውስጥ አርባ የሚያውቁኝ ሰዎች ቁጥር ነበር፣ የመጀመሪያዎቹ ሶስት ደንበኞቼ ድሮ ቢሮ አብረውኝ የተቀመጡ ናቸው፣ በሩንም መዝጋት የቻልኩት የራሴ በር ስለነበረኝ ነው። አንቺ እስካሁን ቁጥሩም በሩም የለሽም።

አባትሽ መደምደሚያቸው ልክ ነው፣ ምክንያታቸው ግን ስህተት ነው። ከቤት የሚሠራ ሥራ ሥራ ነው፣ አብራችሁ ስለተስማማችሁ ብለሽ በዚህ እንዳትሸነፊላቸው።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልጨርስ። ልብስ የለኝም ላልሽው ሁለት ሱሪና ሶስት ሸሚዝ ይበቃል፣ ማንም አይቆጥርም። አሁን የሪሞቱን ካለፍኩት ዳግም አላገኝም ላልሽው፣ መረጃ የሚያስገባ ሰው የሚፈልግ ድርጅት አይጠፋም፣ ሁለት ዓመት ኦዲት የሠራች ልጅ ስትሆኚ ደግሞ ከዛ የተሻለ የሪሞት ሥራ ታመለክቻለሽ። ሲቪሽን አይቼዋለሁ፣ «ታታሪ እና ቅን» የሚለውን አጥፊው፣ ሁሉም ይጽፈዋል፣ በምትኩ ተመራቂ ሆነሽ የሠራሽውን የእቃ ቆጠራ ፕሮጀክት ከፍ አድርጊው።

መልስ እስከ ሐሙስ ነው ያልሽው። ነገ ጠዋት ቢሮውን ደውለሽ ሶስቱን ጥያቄ ጠይቂ፣ በስልክ፣ በኢሜይል አይደለም፣ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፊያቸውና እያነበብሽም ቢሆን ጠይቂ። ከጠየቅሽ በኋላ ዝም በይ፣ እነሱ ያውሩ። ያሉሽን ጻፊልኝ፣ ለወንድምሽ ግን ሐሙስን አትጠብቂ፣ ዛሬ ማታ ንገሪው።