ማሽን ላክሁ፣ መፍቻ ነፈግሁ

ጀርመን ከገባሁ 24 ዓመት ሞላኝ። ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፤ ጣና ዳር፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ። እዚህ ቢለፌልድ ውስጥ አዲስ የሚመጡ የአገር ልጆችን ስቀበል ኖሬያለሁ። ቤት አብሬ ፈልጌያለሁ፣ ሐኪም ቤት ሄጄ አስተርጉሜያለሁ። ብዙዎቹ የሚሰናከሉበት ድንጋይ አንድ ነው። የመጀመሪያዋ ደመወዝ እጃቸው ስትገባ "እትዬ፣ ለእናቴ ፍሪጅ ልልክላት ነው" ይሉኛል። ፊታቸው በርቶ ነው የሚነግሩኝ። እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር። የዛሬው ምክሬ ቁጣ ቁጣ ቢል የከፈልሁበት ስለሆነ ነው።

1. ወረቀት

ፓስፖርታችሁ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው አሳድሱ፣ የሌላ አገር ዜግነት የወሰዳችሁ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን አውጡ። በቃ፣ ስለ ወረቀት ሌላም ሰው ይነግራችኋል።

2. መብራት

አሜሪካ ያላችሁ፣ እባካችሁ ስሙኝ። እናንተ ቤት ያለው መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር ነው። ባሕር ዳር ያለው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ለእህቷ ማይክሮዌቭ ተሸክማ መጣች። የሻንጣዋን ግማሽ የያዘው እሱ ነበር። ለልጆች ጫማ ቦታ አጥታ ትታ መጥታለች። ቤተሰቡ ተሰብስቦ እያየ ተሰካ። አንድ ጊዜ ጧ አለ፣ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ አለቀ። እህቷ "ምንም አይደል፣ ምንም አይደል" እያለች መስኮት ስትከፍት አስታውሳለሁ።

"ትራንስፎርመር እገዛለሁ" የምትሉም አላችሁ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም። በ60 ኸርዝ እንዲዞር የተሠራ ሞተር 50 ሲሰጡት ይንቀረፈፋል፣ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ደግሞም ትራንስፎርመሩ ራሱ ከባድና ውድ ነው። በዚያ ገንዘብ እዚያው ባሕር ዳር ለአገሩ መብራት የተሠራ ዕቃ ይገዛል።

አውሮፓ ያለን ደግሞ "የእኛ ይስማማል" ብለን እንዝናናለን። ቮልቱስ ይስማማል። ጉዳቱ መብራቱ ሄዶ ሲመጣ ነው። ሲመለስ ከፍ ዝቅ እያለ ይመለሳል። ፍሪጅ ደግሞ ጠፍቶ ወዲያው መነሳት አይወድም፤ ውስጡ ያለው የጋዝ ግፊት እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ ከፍሪጁ በፊት የመብራቱን ከፍ ዝቅ የሚያረጋጋ ስታብላይዘር ግዙ። መብራት ከመጣ በኋላ ሦስት አምስት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቀውን ዓይነት ምረጡ። ለእናቶቻችሁም ደውላችሁ "እማ፣ መብራት ሲሄድ ንቀይው፣ ሲመጣ ትንሽ ታግሰሽ ሰኪው" በሏቸው። ይኼን ለመንገር የስልክ ሒሳብ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። እኔ ግን ለእናቴ ፍሪጅ ልኬ ይኼን አልነገርኋትም።

3. ውኃ

የልብስ ማጠቢያ ማሽን የምትልኩ፣ ቅድሚያ "ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቀን ነው ሌሊት?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅሁም። ማሽኑን ገዛሁ፣ በኮንቴይነር አስጫንሁ፣ ከነማጓጓዣው 900 ዩሮ ወጣብኝ። ያኔ ሌሊት ቢሮ አጸዳ ነበር፤ 900 ዩሮ ስንት ሌሊት እንደሆነ ጉልበቴ ያውቀዋል።

እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው ሌሊት ነበር። እናቴ ተነስታ ጀሪካን ደርድራ ትሞላለች። ማሽን ደግሞ ከጀሪካን አይጠጣም፣ የቧንቧ ግፊት ይፈልጋል። ወንድሜ ሮቶ አስገዝቶ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ብረት ላይ ሰቀለ። ውኃ አንድ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት እንዲኖረው 10 ሜትር ያህል ከፍታ ያስፈልገዋል። በ3 ሜትር የሚገኘው ሲሶው እንኳ አይሞላም። ማሽኑ ውኃ ጠብቆ ጠብቆ ቀይ መብራት አበራና ቆመ።

እናቴ አንድ ቀን አልነገረችኝም። "ማሽኑ እንዴት ነው?" ስላት "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ እጄ አረፈ" ትለኛለች። ከአራት ዓመት በኋላ አገር ስገባ ማሽኑን ሳሎን አገኘሁት። ዳንቴል ለብሷል፣ ላዩ ላይ የእኔ ፎቶ ቆሟል። ፍሪጁስ? በሩን ከፈትሁት። መብራት የለውም፣ ቅዝቃዜ የለውም። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ በየዕቃው ተደርድሮበታል። "አይጥ አይገባበትም እኮ" አለችኝ፣ እንዳልከፋ ብላ። እጇን ያዝሁት። በአመድና በሳሙና የተሰነጣጠቀ፣ ጥዬው የሄድሁት እጅ ነው።

4. የሚታይ ነገር መላክ

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከቢለፌልድ በባቡር ቅርብ የሆነች ጉተርስሎ የምትባል ከተማ አለች። ሚሌ የሚባለው የልብስ ማጠቢያና የቤት ዕቃ አምራች ዋና ቤቱ እዚያ ነው። ጀርመን የኖረ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። ሙዚየም አለው። አንድ ቀን ለማየት ገባሁ። ከዕቃዎቹ መሃል አንድ የእንጨት በርሜል አየሁና እግሬ ቆመ።

የቅቤ መናጫ ነው። አያቴ መራዊ አካባቢ ነበረች። ቅሉን ይዛ ወዲያ ወዲህ ስትንጥ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አሬራ እጠብቃለሁ። የፈረንጆቹ በእጅ የሚዞር እጀታ አለው እንጂ ሥራው ያው የአያቴ ሥራ ነው።

ታሪካቸው እንዲህ ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. ካርል ሚሌና ራይንሃርድ ጺንካን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ሄርዘብሮክ በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር አብረው ሥራ ጀመሩ። አንዱ ማሽን ያውቃል፣ ሌላው ንግድ ያውቃል። የነበራቸው 11 ሠራተኛ፣ 4 ቶርኖና አንድ መሰርሰሪያ ነው። መጀመሪያ የሠሩት ከወተት ላይ ክሬሙን የሚለይ ማሽን ነበር። ዙሪያው ገበሬ ስለሆነ ገዢያቸው ጎረቤታቸው ነው፤ ዕቃው ቢሰበር ባለቤቱ በሩን ያንኳኳል። ቀጥለው የቅቤ መናጫ ሠሩ። ከዚያ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ወተት የሚንጥ በርሜል ውኃና ሳሙና ቢገባበት ልብስም ይንጣል። በ1901 መናጫውን ለወጥ አድርገው የልብስ ማጠቢያ አወጡ። ገና ከጅምሩ ዕቃቸው ላይ "ኢመር ቤሰር" ብለው ይጽፉ ነበር፤ "ሁልጊዜ የተሻለ" ማለት ነው።

በ1907 ወደ ጉተርስሎ ዞሩ። ከ1912 እስከ 1914 መኪናም ሞክረዋል፤ 143 ያህል ሠርተው ተዉትና ወደሚያውቁት ተመለሱ። በ1929 አውሮፓ ውስጥ የመጀመሪያውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሳህን ማጠቢያ አወጡ። ዛሬ ከ20 ሺህ በላይ ሠራተኛ አላቸው። ድርጅቱ አሁንም የእነዚያው የሁለቱ ሰዎች ቤተሰቦች ነው። ማሽኖቻቸውን 20 ዓመት እንዲያገለግሉ አድርገው ይፈትሻሉ። እስቲ አስቡት፣ የመናጫ ልጅ ነው ይኼ ሁሉ።

ከሙዚየሙ ወጥቼ ባቡር ጣቢያው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ሁለት ባቡር አለፈኝ። ያሰብሁት ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ ከልጅነቱ ዕቃ ይፈታል። 14 ዓመቱ ላይ የጎረቤት ሬዲዮ ጠግኖ 5 ብር ተሰጠው። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጠገን ያዘ። ምጣዱን ታውቁታላችሁ፤ ሸክላው ከሥሩ ተቦርቡሮ ሽቦው ተጠማዝዞ ይገባበታል፣ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፣ ሽቦው አንድ ቦታ ሲበጠስ እንጀራው በአንድ ጎኑ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ወንድሜ ገልብጦ ያየዋል፣ የተበጠሰውን ያገኘዋል። የሰፈሩ እናቶች "ና እስቲ አንተ ልጅ" እያሉ ይጠሩታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ የእኛው የራሳችን የቤት ዕቃ ነው፣ በየሰፈሩ በትንንሽ ቤቶች የሚሠራ። የእኛ መናጫ እሱ ነበር። ያኔ አልታየኝም።

አገራችንም ባዶ አልነበረችም። ባሕር ዳር በ1961 እ.ኤ.አ. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበራት። በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ፣ ማለትም ፖሊ ቴክኒክ ተቋሙ፣ ተከፈተ፤ ብረትና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ባለሙያ እንዲያወጣ ተብሎ። በ1964 ከጢስ ዓባይ መብራት መጣላት። እነ ሚሌ ሲጀምሩ ከነበራቸው በላይ ነበር ከተማችን ውስጥ። ወንድሜ ያደገው ይኼንን ሁሉ እያየ ነው።

ማሽኑን በላክሁበት ዓመት ወንድሜ ደወለልኝ። እየተሽኮረመመ ነው የጠየቀኝ። "እታለም፣ 350 ዩሮ ብታግዢኝ ትንሽ ቤት ልከራይና ጥገና ልክፈት። ቴስተርና መበየጃ፣ አንድ መሰርሰሪያ፣ የስድስት ወር ኪራይ። ሌላው የእኔ ነው።" አስቦበታል። ለምጣዱ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ነገር ሊገጥምለት እንደሚፈልግም ነገረኝ። እኔ ምን አልሁት? "አሁን ማሽኑን ልኬ እጄ ባዶ ነው። ደግሞ መጀመሪያ ዲግሪህን ያዝ፤ ካቻቪቴ ይዞ የሚዞር ወንድም አልፈልግም።" እንዲህ አልሁት። ቃሉ ከአፌ ወጥቷል፣ አልመልሰውም። ዝም አለ፣ "እሺ እታለም" አለኝ፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። ዛሬ የሰው ባጃጅ ነው የሚነዳው፤ ማታ ማታ ለባለቤቱ ገቢ ያደርጋል።

900 ዩሮ ለሳሎን ጌጥ ነበረኝ። 350 ለወንድሜ አልነበረኝም። እናንተስ? ትልቁን ቴሌቪዥን የላካችሁት ለማን ነው? እናታችሁ ፈልጋው ነው ወይስ ጎረቤት እንዲያይላችሁ? ሠርግ ላይ የምትበትኑትን፣ ለክረምት ሽርሽር የምትከራዩትን መኪና እስቲ ደምሩት። ቤታችሁ ውስጥ እጁ የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። አውቃለሁ፣ አለ። ስልክ ስትደውሉ ከሁሉም ኋላ የሚሰጠው እሱ ነው።

ባለፈው ዓመት ስገባ ወንድሜን ፍሪጁን እንዲከፍተው ለመንሁት። "አሁን ምን ያደርጋል" አለኝ። እንደገና ለመንሁት። ካቻቪቴና ፒንሳ ከጎረቤት ተዋሰ። ፍሪጁን ከግድግዳው አላቀቀው፣ ከኋላው በደረቱ ተኛ። እኔ በስልኬ አበራለት ነበር። አቧራውን በእፍታ አራቀ፣ ከሞተሩ ጎን አንድ ትንሽ ጥቁር ነገር ነቅሎ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሪሌይ ነው። ተቃጥሏል። ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጥም። ባጃጁን አስነስቶ ገበያ ሄደ፣ አዲሱን ይዞ ተመለሰ። ዋጋው እኔና እሱ ጣና ዳር ዓሣ ከበላንበት ያንሳል። ገጠመው፣ ሰካው። ሞተሩ ትንሽ ተንቀጠቀጠና እም... ማለት ጀመረ። እናቴ ከማድ ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ማንም አልተናገረም። ከዚያ በርበሬዋን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች።

ሞተሩ ደህና ነበር። ጋዙ ደህና ነበር። እነዚያን ዓመታት ሁሉ የቆመው በዚያች ዕቃ ነው፤ ወንድሜም ቴስተር ስላልነበረው ለመንካት ፈራው፤ የእህቱ ስጦታ ነዋ።

5. እንግዲህ

ዕቃ ከመላካችሁ በፊት "ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫውስ ከየት ይመጣል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው አትላኩ። ከተቻለ እዚያው ግዙ፤ የገዛችሁበት ሱቅ ቅርብ ነው፣ ዕቃው ለአገሩ ሶኬት የተሠራ ነው። ለሙያ ሥልጠና የሚከፈል ከሆነ ክፈሉ፤ ዲግሪ አይደለም ብላችሁ አትናቁ። ገንዘብ ስትሰጡም በስጦታ ስም አታስሩት። ልጁ ሒሳቡን ጽፎ ያሳያችሁ፣ እናንተም በየወሩ ስለ ሥራው ጠይቁት፤ እነ ሚሌም ንግድ የሚያውቀው ጺንካን ባይኖር ማሽናቸውን ማን ይሸጥላቸው ነበር። የንግዱን ጎን ማገዝ ከዚህም ሆኖ ይቻላል።

ወንድሜ 41 ዓመቱ ነው። በዚያው ሰሞን ማታ ላይ ቡና እየጠጣን፣ ያንን የድሮውን ዝርዝር አሁንም እንደሚያስታውሰው ጠየቅሁት። መልስ አልሰጠኝም። ልመለስ ስል አውሮፕላን ጣቢያ በራፍ ላይ የታጠፈ ወረቀት እጄ ውስጥ ጨመረልኝ። ቴስተር። መበየጃ። መሰርሰሪያ። የፍሪጅ ጋዝ መሙያ ጌጅ። የቤት ኪራይ፣ ስድስት ወር። ከሥር ደግሞ በቀጭኑ "ከሌለሽ ግን ይቅር" ብሎ ጽፎበታል።

ቴስተሩና መበየጃው ባለፈው ወር ደርሶታል። መሰርሰሪያውን በሚመጣው ሳምንት የሚሄድ ሰው ይዞለት ይገባል።