ፎቶው የማን ነው? ኮዱስ?

ሰላም እህቴ። ለተማሪ የማድለው ማስታወሻ ላይ ከኢንተርኔት ያወረድኩትን ፎቶ ባስገባ፣ ላብ ውስጥም አንዱን ሶፍትዌር ለሁሉም ኮምፒውተር ብጭን ችግር አለው ወይ ብለሻል።

በፎቶ ጉዳይ እኔም ተይዤ አውቃለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ባህር ዳር ለኮምፒውተር ትምህርት ማስታወሻ አዘጋጀሁ። ሽፋኑ ላይ በጣና ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ፎቶ ከፌስቡክ አውርጄ ለጠፍኩ። ክፍል ውስጥ ሳለ ማንም ምንም አላለም። በኋላ ግን ፔዳ አካባቢ ላለ ኮፒ ቤት ሰጥቼ ማሸጥ ጀመርኩ። በሳምንቱ ባለፎቶው ደወለ። ሐይቁ ዳር ቡና ይዘን ስልኩን ከፈተና የለጠፈውን አሳየኝ። በግራ ጥግ፣ ከደንገሉ ስር፣ ስሙ በነጭ ተጽፏል። እኔ ደግሞ ከገጹ ጋር ይግጠም ብዬ ልክ ያንን ጥግ ቆርጬዋለሁ! አፈርኩ። ከፈልኩት፣ ስሙንም መለስኩ።

የቅጂ መብት አዋጁ (410/1996) ለማስተማር ሲባል በልኩ መቅዳትን ይፈቅዳል፤ ምንጩንና የባለቤቱን ስም እስከቻልሽ ድረስ ጥቀሺ። ሽያጭ ግን ማስተማር አይደለም። "አላስመዘገበውም" ማለትም አያዋጣም፤ መብቱ ሥራው ሲፈጠር አብሮ ይመጣል።

ሶፍትዌር ላይ ሕጉ ጠበቅ ይላል። ለግል መጠቀሚያ መቅዳትን የሚፈቅደው አንቀጽ ፕሮግራምን አይጨምርም። በሕጋዊ መንገድ የያዝሽውን ለመጠባበቂያ መቅዳት ትችያለሽ፣ በፍላሽ ለ30 ኮምፒውተር ማከፋፈል ግን ሌላ ነገር ነው። ክራክ የተደረገው (የፈቃድ ቁልፉ ተሰብሮ የሚሰራጨው) ደግሞ ቫይረስም ሊኖርበት ይችላል። እኛ ሊብሬኦፊስን (የጽሑፍና የሰንጠረዥ ሥራ ሶፍትዌር) እና ፓይተንን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ጭነን ተገላገልን። ሁለቱም እንደልብ እንዲገለበጡ ፈቃድ አላቸው።

ለተማሪዎችሽ ግን ከዚህ ሁሉ የሚጠቅማቸው ሐሳብንና አጻጻፍን መለየት ነው። አንዴ ሁለት ልጆች አማካይ ውጤት የሚያሰላ ፕሮግራም አስገቡ። አንደኛው ኮሜንት ላይ (ኮዱ ውስጥ ለማብራሪያ በሚጻፈው ማስታወሻ) "አማካይ"ን "አማከይ" ብሎ ጽፏል፤ ሁለተኛውም እንደዚያው። ሳቅ በሳቅ ሆንን። ደምሮ ማካፈልን ማንም የኔ ሊል አይችልም፣ አዋጁም ሐሳብንና ዘዴን አይጠብቅም። የተጻፈው ኮድ ግን የጻፈው ልጅ ንብረት ነው። ለፕሮግራም ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ይሰጣል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ የፈጠራ አዋጁ (123/1987) የኮምፒውተር ፕሮግራምን ፓተንት ከሚሰጣቸው ነገሮች አውጥቶታል እላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ተቀጥረሽ፣ በሥራሽ ምክንያት ያዘጋጀሽው ማስታወሻ ሌላ ስምምነት ከሌለ የቀጣሪሽ ነው። ሌላ ቦታ ከመሸጥሽ በፊት ውልሽን አውጥተሽ አንብቢ።