ታዲየስ ስቲቨንስ ከጅምሩ የባርነት ጠላት ነበር?

ሰላም ጠያቂያችን። አሜሪካዊው ጠበቃና ፖለቲከኛ ታዲየስ ስቲቨንስ ጥብቅና ከጀመረበት ቀን አንስቶ ለጥቁሮች ይሟገት እንደነበር ጠይቀዋል። አይደለም። በፈረንጆቹ 1821 ቻሪቲ በትለር የተባለች ጥቁር ሴት ነፃነቷ እንዲከበርላት በአሜሪካዋ የፔንሲልቬንያ ግዛት ውስጥ ከሳ ነበር። ስቲቨንስ የቆመው ለባለቤትነት ጠያቂው ነው። አሸነፈ፤ እሷም ባሪያ ሆና ቀረች። እኔ ይህንን ታሪክ ማለፍ አይሆንልኝም፤ ስለ እሱ የሚጽፉ ብዙዎች ግን ቶሎ ይዘሉታል።

ከዚያ በኋላ ግን ሰውየው በግልጽ ተቀየረ። ከባርነት ላመለጡ ሰዎች በነፃ ይከራከር ጀመር። በ1851 ክሪስቲያና በተባለች የፔንሲልቬንያ መንደር፣ ያመለጡ ባሪያዎቹን ሊይዝ የመጣ አንድ ባሪያ አሳዳሪ ተገደለ። መንግሥት 38 ሰዎችን በአገር ክህደት ሲከስ፣ ስቲቨንስ ከተከላካይ ጠበቆቹ አንዱ ሆነ። መጀመሪያ የቀረበውን ተከሳሽ ዳኞቹ ወዲያው ነፃ ለቀቁት።

ፖለቲካው ላይ የእኔ ምርጫ የ1835ቱ ንግግሩ ነው። የፔንሲልቬንያ ምክር ቤት የነፃ ትምህርት ቤት ሕጉን ሊሽር ተነስቶ ነበር። ስቲቨንስ ድሃ ሆኖ ያደገ፣ እግሩም ከልደቱ ጀምሮ የተጣመመ ሰው ነው። የድሃ ልጅ መማር አለበት ብሎ ተሟገተ፣ ሕጉም ተረፈ።

ወደ አሜሪካ ሕግ አውጪ ምክር ቤት፣ ወደ ኮንግረስ፣ በ1849 ገባ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት የበጀት ኮሚቴውን መራ። ባርነትን ለከለከለው 13ኛውና ለጥቁሮች ዜግነትንና በሕግ ፊት እኩልነትን ለሰጠው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎችም አጥብቆ ታገለ። ከባለርስቶች መሬት ተወርሶ ለቀድሞ ባሪያዎች ቤተሰብ 40 ኤከር እንዲሰጥ ያቀረበውን ሐሳብ ግን ኮንግረሱ አልተቀበለውም።