ሰኮናው የተሰነጠቀ ፈረስ ገዝቻለሁ፤ ሻጩን መጠየቅ እችላለሁ?

የጎንደሩ ጠያቂያችን እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «ለጥምቀት ጉግስ ይሆነኛል ብዬ ከአምስት ሳምንት በፊት አንድ ዳማ ፈረስ በ85,000 ብር ገዛሁ። ሻጩ ‹ዘሩ ከአዊ ነው፤ ሽምጡን የሚስተካከል የለም› ስላለኝ ሜዳ ላይ አስጋልቤ አየሁት። ከሳምንት ወዲህ ግን የፊት ግራ እግሩን ያነክሳል። ሰኮናውን ስናጥበው ከጥቁር ቅባት ሥር ስንጥቅ ተገኘ። የተዋዋልነው በቃል ነው፤ ደላላው ግን አብሮን ነበር። ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?»

በቃል መዋዋልዎ መብትዎን አያሳጣዎትም። የፈረስ ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ሕጉ ስለማያስገድድ፣ ደላላውና ገንዘቡ ሲቆጠር የነበሩ ሰዎች ስለ ውሉ ሊመሰክሩልዎ ይችላሉ። ያነሷቸው ሦስት ነገሮች፣ ግልቢያው፣ ዘሩና ሰኮናው፣ ግን በፍርድ ቤት እኩል አይመዝኑም።

በግልቢያው መከራከር አይጠቅምዎትም። «የሚስተካከለው የለም» የሻጭ ውዳሴ ነው፤ አሯሯጡንም ራስዎ አስጋልበው ወድደውታል። ዘሩ ከዚህ ይሻላል፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአዊ ፈረሰኞች በዓል ስለሚከበር የአካባቢው ፈረስ ስም አለው፣ ስሙም ዋጋ ያስጨምራል። ሻጩ ቃል የገባው ባሕርይ ከሌለ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2289 መሠረት ጉድለት ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን የእናቱን ባለቤት የሚያውቅ ምስክር ካላገኙ በዚህ ላይ ባይደክሙ እመርጣለሁ።

ጉዳይዎ የሚቆመው በሰኮናው ነው። ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት እንደሌለበት ለገዢው ዋስ መሆኑን ቁጥር 2287 ይደነግጋል፤ ጉግስ ደግሞ በድንገት መነሣትን፣ መታጠፍንና መቆምን ስለሚጠይቅ፣ የፊት እግሩ የሚያነክስ ፈረስ ሻጩ እያወቀ ለተገዛበት ዓላማ አይሆንም። ሻጩ «በእርስዎ እጅ ነው የተሰነጠቀው» ማለቱ አይቀርም፤ ጉድለቱ በርክክቡ ጊዜ እንደነበረ ማስረዳት ያለብዎትም እርስዎ ነዎት። እዚህ ላይ ሰኮናው ራሱ ይመሰክራል። የሰኮና ግድግዳ ከጠጉሩ ጠርዝ ወደ ታች በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ከላይኛው ጠርዝ የተነሣ የቁስል ጠባሳ ዛሬ 3 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ የመጣው ከሦስት እስከ አምስት ወር በፊት ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ፈረሱ የእርስዎ አልነበረም። ስለዚህ ሐኪም ሳያየው ሰኮናውን ማንም እንዳይቆርጠው ወይም እንዳይሞርደው አደራ እላለሁ፤ ከተሞረደ ማስረጃዎ ከፍቅፋቂው ጋር መሬት ላይ ይወድቃል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወይም በሌላ ፈቃድ ባለው የእንስሳት ሐኪም አስመርምረው፣ ስንጥቁ ከመሥመሪያ ጋር ፎቶ ተነሥቶ የጽሑፍ ሪፖርት እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ቅባቱንም በጨርቅ ጠርገው ያስቀምጡ። ስንጥቁን ለመደበቅ ሆን ተብሎ የተቀባ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ በቁጥር 1704 መሠረት ውሉ በማታለል የተደረገ ነው ብለው እንዲፈርስ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ለዚህ የተወሰነው ጊዜ ማታለሉን ካወቁበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። ገዢ ዕቃውን እንደተረከበ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ እንዳለበት ቁጥር 2291 እና 2292 ያዛሉ። ስንጥቁን ካዩ ሳምንት ሆኖዎታልና የሐኪሙን ሪፖርት አይጠብቁ። ፈረሱን፣ የገዙበትን ቀንና ዋጋውን፣ የታየውን ስንጥቅ የሚገልጽ ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ጽፈው ሁለት ምስክሮች ባሉበት ይስጡት፤ አንዱ ቅጂ ላይ ያስፈርሙት፣ አልፈርምም ካለ ምስክሮቹ ይፈርሙ። ክሱም ይህን ካስታወቁበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽማግሌ ቢገባ መልካም ነው፤ ሽምግልናው ግን ቀን እንዳያስቆጥርብዎ ይጠንቀቁ።

በአፄ ፋሲል መዋኛ አጠገብ የፈረሱ የዞብል መቃብር ነው የሚባል ሕንፃ ባለበት ከተማ፣ ጥምቀትን ያለ ፈረስ መዋል ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል። ሆኖም አይጫኑት። ከፋ ብሎ ቢያነክስ እንስሳው ይሠቃያል፤ ሻጩም ጉዳቱን በእርስዎ ግልቢያ ያሳብባል። ደረቅ ጋጣ ውስጥ ያሳርፉት፤ ለሕክምናውና ለቀለቡ የሚያወጡትንም በካሳ እንዲጠይቁበት ደረሰኞቹን ይያዙ።