ድንጋይ ላይ ምልክት ላገኛችሁ

ልጆቼ፣ ድንጋይ ላይ ጭረት ባያችሁ ቁጥር «ጥንታዊ ጽሑፍ ተገኘ» ማለት ትወዳላችሁ። አልቆጣም፤ እኔም በናንተ ዕድሜ ብዬዋለሁ።

ቅርስ መመዝገብ በጀመርሁበት ዓመት ደጀን አካባቢ ወንዝ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘሁ፤ ላዩ ላይ ለስላሳ ቦዮች ተደርድረውበታል። አንድ አዛውንት ብጠይቃቸው «አባቴ እዚህ ነበር የሚስሉት» አሉኝ። ደስታዬ ለጉድ! ማስታወሻዬ ላይ «የሠዓሊ ቤተሰብ» ብዬ ጻፍሁ። ማታ ቤታቸው እራት ላይ ባነሣው ቤተሰቡ በሳቅ ፈረሰ፤ ሰውየው ይስሉ የነበረው ማጭድ ነው። በግእዝ ሠዐለ እና ሰሐለ ለየቅል ናቸው፤ እኛ አፍ ላይ ግን አንድ ሆነው እኔን ጉድ ሠሩኝ።

በማግሥቱ ተመልሼ በጣቴ ዳሰስሁት። ስለት የተሳለበት ቦይ መሐሉ ጠልቆ ጫፍና ጫፉ ይሳሳል፤ የጣናን ታንኳ ይመስላል። ውኃም ከአጠገቡ አይርቅም። በመሮ የተቀረጸ ከሆነ የምቱ ጠባሳ አለው። ስንጥቅ ደግሞ ድንጋዩን ዞሮ በጎኑ ይወርዳል። የጎጃም ደጋ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት ነው፤ ሲቀዘቅዝ አምስትና ስድስት ማዕዘን እየሠራ ስለሚሰነጠቅ ሰው ያነጠፈው ይመስላል። ሁለት ረድፍ፣ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ካያችሁ ደግሞ አሥራ ሁለቱን ወራት ከማሰባችሁ በፊት እረኞቹ በጠጠር ገበጣ ይጫወቱበት እንደሆነ ጠይቁ።

ማልዳችሁ ሂዱ፤ የቀትር ፀሐይ የደበቀችውን የጧቷ ከጎን መትታ ታወጣዋለች። ጠመኔ አትቀቡ፣ አትጠቡ፣ የድንጋይ ሽበቱንም አትፋቁ።

የሰማችሁትንና የለካችሁትን አትቀላቅሉ። ጣና ቂርቆስ ደሴት ላይ ጫፋቸው የተቦረቦረ የድንጋይ ዓምዶች አሉ፤ መነኮሳቱ በኦሪት ዘመን የመሥዋዕት ደም ይፈስባቸው ነበር ይላሉ። ይህን በእነሱ ቃል ጻፉ፤ የጉድጓዱን ጥልቀት በሌላ ገጽ።

እኒያ አዛውንት ከቦዮቹ ከፍ ብሎ ያለ ሌላ ምልክትም አሳይተውኛል፦ ሁለት ክብ፣ መሐላቸው አንድ መስመር፣ የመሮው ምት በግልጽ ያለበት።

«ይኼስ ምንድን ነው?» አልኋቸው።

«ይኼንንማ አባቴም ሲያልፉ ይሳለሙት ነበር እንጂ ምንነቱን አያውቁትም።»