ቡናው፣ ፈተናውና ሠርጉ አንድ ላይ ሲመጡብን

ባለፈው እሑድ የእድራችን ወርሃዊ ስብሰባ ካለቀ በኋላ ሊቀመንበሩ «ሲስተርን የሚጠይቅ ካለ ዛሬ ይጠይቅ» አሉ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ነበር የመሰለኝ። እስከ ምሽት ቆየን። ተራ ያልደረሳቸው በብጣሽ ወረቀት እየጻፉ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። እዚህ ጅማ ውስጥ በነርስነት 20 ዓመት አልፎኛል። ሦስት ልጆችም አሳድጌያለሁ። ስለዚህ የምመልሰው እንደ ባለሙያም እንደ እናትም ነው።

ወቅቱን ታውቁታላችሁ። የቡና ለቀማው ገና አልተጠናቀቀም። ለልጆች የመንፈቅ ዓመት ፈተና ቀርቧል። ገና ደርሷል። በገና ጾም ምክንያት የቆየው ሠርግ ደግሞ ጥር ላይ ተጠራቅሞ ይመጣል። ጥያቄዎቹን ሳነብ አንድ ነገር ደጋግሞ ታየኝ። ቤቱን የያዘው ሰው መጨረሻ ላይ ይበላል፣ መጨረሻ ላይ ይተኛል። ብዙው ሕመም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ቀኑን ሙሉ ደፋ ቀና ስል እውላለሁ። ማታ ጋደም ስል ግን እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ልቤ ይመታል። የልብ በሽታ ይሆን? (የአራት ልጆች እናት፣ መንደራ ቆጪ)

መጀመሪያ የጠየቅኳት «በቀን ስንት ጊዜ ቡና ትጠጫለሽ?» ብዬ ነው። ጠዋት አንዴ፣ ከምሳ በኋላ ጎረቤት ጋር፣ ማታ ደግሞ ባለቤቷ ሲገባ። በየጊዜው አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ዘጠኝ ሲኒ ማለት ነው።

የጅማን ሰው ቡና ተው አልልም፤ እኔም አልተውም። ሰዓቱን ግን እንወቅበት። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነታችን እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ማታ 1 ሰዓት የጠጣሽው ቡና ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አብሮሽ አለ። ስለዚህ የመጨረሻው ወፍራም ቡና ከቀኑ 9 ሰዓት አይለፍ። የማታው ቡና ይቁም አላልኩም። ይቆላ፣ ይታጠን፣ ጨዋታው ይቀጥል። አንቺ ግን በረካዋን ብቻ ያዢ፤ እሷ ቀጭን ናት። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ደግሞ ካፌይን በሰውነትሽ ውስጥ ከዚያም በላይ ይቆያል። በቀን አንድ ሁለት ሲኒ ይበቃሻል።

ሁለተኛው ነገር ሐሳቡ ነው። ከመተኛትሽ በፊት የነገውን ሥራ በሙሉ ወረቀት ላይ አስፍሪው። ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ቡና) ማስጣት፣ የልጅ ዩኒፎርም፣ የእድር ክፍያ፣ ሁሉንም። ወረቀት ላይ የሰፈረ ሥራ ሌሊት አይቀሰቅስም። ከዚያ በአፍንጫሽ እስከ አራት እየቆጠርሽ አየር አስገቢ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርሽ በቀስታ አስወጪ። አምስት ደቂቃ ያህል ቀጥዪ። አወጣጡ ሲረዝም የልብ ምት እየረጋ ይሄዳል። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት።

የልብ ምቱ ከደረት ሕመም፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን ከመሳት ጋር ከመጣ ግን ወረቀትም ቡናም አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ሂጂ።

ጥያቄ፦ ጉልበቴ ከድቶኛል። ዳገት ስወጣ ትንፋሼ ይቆራረጣል። ሥራ ስለበዛ ነው አይደል? (ጊንጆ)

ሊሆን ይችላል። ደም ማነስም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ተመርመሪ። እስከዚያ አንድ ነገር ለውጪ። ምግብ እንደበላሽ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ አትጠጪ፤ ከምግቡ የምታገኚውን አይረን ሰውነትሽ በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋሉ። ቢያንስ አንድ ሰዓት አሳልፊ። ምስርና ጎመን ስትበዪ ሎሚ ጭመቂበት ወይም ብርቱካን አስከትዪ። እሱ ደግሞ ያግዛል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ሠርግ ዋዜማ ማድ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ራሳቸውን አሟቸው አስመለሱ። ሽንኩርቱ ነው ተባለ። እውነት ነው? (ሄርማታ መርካቶ)

ይህን ጥያቄ ስሰማ እጄ ቀዘቀዘ። ከሰባት ዓመት በፊት የእህቴ ልጅ ስትዳር ዋዜማውን ስንሠራ አደርን። ብርድ ስለነበር በሩን ገርበብ፣ በኋላም ጭርሱን ዘጋነው። ሦስት የከሰል ምድጃ ይነድ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ራሴን ወጋኝ። ደክሞኝ ነው አልኩ። አጠገቤ ሽንኩርት ስትከትፍ የነበረች የ15 ዓመት ልጅ ጆንያው ላይ ጋደም ብላ ተኛች። ቢላው ከእጇ ወደቀ። ድምፁን ሰምቼ ዞር ስል ከንፈሯ የወትሮው አልመስል አለኝ። ብወዘውዛት አትነቃም። በሩን ከፍተን ለሁለት ተሸክመን አወጣናት። ነፋስ ሲያገኛት አስመለሰች፣ ከዚያ ዓይኗን ገለጠች። ሐኪም ቤት ወስደን ኦክስጅን ተሰጣት፤ ዳነች። ዛሬ ራሷ እናት ናት።

ሽንኩርት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ከሰል ሲነድ ይወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ፍሙ ጭስ የሌለው መሆኑ ምንም ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ በሠርግም በበዓልም ማድ ቤት በሩም መስኮቱም ይከፈት። ብርድ ከሆነ ጋቢ ደርቡ። የቡናውን ፍም ለሙቀት ብላችሁ መኝታ ክፍል በፍጹም አታስገቡ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ድካም ነው አትበሉ። ሁላችሁም ውጡ። ራሱን የሳተ ወይም የተወዛገበ ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ካለች፣ ቢሻላቸውም ሐኪም ይያቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ለቡና ለቀማ ጎማ ወረዳ ሰንብቶ መጣ። ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። «ድካም ነው፣ ልተኛበት» ይላል። (በቾ ቦሬ)

አይተኛበት። ዛሬውኑ ደሙን ይመርመር። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የወባ ዋና ወቅት ነው፤ የቡና ለቀማችንም በዚያው ይውላል። ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመርና መታከም ነው ደንቡ። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያበርዳል እንጂ ወባውን አይገድለውም፤ ተሻለኝ ብሎ እንዳያዘናጋው። ለቀማ የምትሄዱ ሰዎች ደግሞ ከስንቃችሁ ጋር አጎበር ያዙ።

ጥያቄ፦ ለወገቤ ዳይክሎፌናክ ስወስድ ሰነበትኩ። አሁን ጨጓራዬ ይነደኛል። (ሳይበሉ ውለው ማታ የሚበሉ እናት)

እትዬ፣ መድኃኒቱና ባዶ ሆድ ተባብረው ነው የጎዱዎት። ዳይክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም የጨጓራን ግድግዳ ይጎዳሉ። አሁን ያቁሙትና ይታዩ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሱ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያኔውኑ ይሂዱ። ለወገብዎ እንስራውንም ጆንያውንም ብቻዎን አያንሱ። እቤት ጎረምሳ አለ አይደል? እሱ ያንሳ። ምሳዎንም በምሳ ሰዓት ይብሉ፤ ቁጭ ብለው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ላይ እጮሃለሁ። ከዚያ ሲተኙ እያየሁ አለቅሳለሁ። ምን ሆኜ ነው? (የሁለት ልጆች እናት፣ ቦሳ አዲስ)

ይህን የጻፈችው እናት ስሟን አልጻፈችም። ማንም ብትሆን እንዲህ እላታለሁ፦ እህቴ፣ ክፉ እናት በተኛ ልጅ ላይ አታለቅስም።

ለአንድ ሳምንት ሰዓቱን ልብ በይ። የምትጮሂው መቼ ነው? እኔ በራሴ ላይ ሳየው ሁልጊዜ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ሆኖ አገኘሁት። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ርቧቸው ይመጣሉ። እኔም ከጠዋት ወዲህ አልቀመስኩም። እራት ገና አልተጣደም። የቤት ሥራው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ርቦት የተቆጣ ሰውና ርቦት የሚያለቅስ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ! ያኔ መፍትሔዬ ቆሎ ነበር። 11 ሰዓት ላይ ቆሎና ሙዝ አቀርባለሁ፤ እኔም አብሬ እበላለሁ። የቤት ሥራ ከዚያ በኋላ። ግማሹ ጩኸት በዚያ ብቻ ቀነሰ።

ቁጣው ሲመጣ ሰውነትሽ ቀድሞ ይነግርሻል። መንጋጋሽ ይጠብቃል፣ ትከሻሽ ወደ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ «መጣሁ» በይና እስከ ግቢው በር ሄደሽ ተመለሺ። ከጮህሽም በኋላ ይቅርታ በዪው። «ደክሞኝ ነው የጮህኩት፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ማለት እናትነትሽን አይቀንሰውም።

ፈተና ደረሰ ብለሽ ደግሞ ሌሊት አታስጠኚው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ያጠናው ነገር አእምሮው ውስጥ የሚረጋው ሲተኛ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለፈተና ጫት ካልቃምኩ አልችልም ይላል።

ጫት ለጊዜው ያነቃል፣ ይህ አይካድም። ግን እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ያስጠላል፣ የደም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል። ምርቃናው ሲወርድ ድብርት ይተካል። በማግሥቱ ፈተና ላይ የሚቀመጠው ያልተኛና ያልበላ ልጅ ነው። በቁጣ አትግጠመው። ከፈተናው በፊት ባለው ሳምንት እቤት እየመጣ እራት ይብላ፣ ይተኛ። ልዩነቱን ራሱ ካየው ከአንተ ምክር ይልቅ ያ ያሳምነዋል።

ጥያቄ፦ የግፊት ኪኒን እወስዳለሁ። ለሠርጉ ሰሞን ባቆመው? (ጅሬን)

አያቁሙት አባቴ። ግፊት 140/90 እና ከዚያ በላይ ሆኖም ምንም ላይሰማዎት ይችላል። ዋናው ክፋቱም ይኸው ነው። ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን። በርበሬውና ሽሮው ውስጥ ጨው እንዳለም ያስቡ። ጥሬ ሥጋው ደግሞ ይቅርብዎት፤ የኮሶ ትል የሚመጣው ከእሱ ነው። ጥብስ ይበሉ።

ጥያቄ፦ እህቴ ከወለደች አንድ ወር ሆናት። ጠያቂው፣ ገንፎው፣ እልልታው ሞልቷል። እሷ ግን ታለቅሳለች። (አዌቱ መንደራ)

ከወሊድ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ማልቀስ በብዙ ሴቶች ላይ ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ወር ከሆነው ግን በሽታ ሊሆን ይችላል፤ የሚታከም በሽታ። «ልጅ ተሰጥቷት እንዴት ታለቅሳለች» የሚል ሰው አጠገቧ አታስቀምጡ። ጠያቂውን ቀንሱላት። ልጁን አንድ ሰው ይያዝላትና ቀን ሁለት ሰዓት ትተኛ። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰጂያት። ራሷን ወይም ልጁን ስለመጉዳት ከተናገረች ብቻዋን ለደቂቃም አትተዉአት፤ ያንኑ ቀን ሆስፒታል።

ጥያቄ፦ በአንድ ሳምንት ሦስት ሠርግ ተጠርቻለሁ። ሁሉም የቅርብ ሰው ነው። ብቀር ይቀየሙኛል። (ፈረንጅ አራዳ)

ይሉኝታ ክፉ ነገር አይደለም። ያኖረን እሱ ነው። ግን ሦስቱ ቤት ሽንኩርት ስትከትፊ አድረሽ ስትታመሚ፣ ሦስቱም ቤት አንቺን ለመጠየቅ ይመጣል። አንዱን ምረጪና እዚያ በሙሉ ልብሽ ሥሪ። ለሁለቱ ግን ቀድመሽ ሄደሽ፣ በስልክ ሳይሆን በአካል፣ «ሥራው ላይ አልደርስም፣ በዕለቱ ግን አለሁ» በያቸው። ሰው የሚቀየመው ሳይነገረው ሲቀር ነው። ቡናሽም ካልተለቀመ ደቦ ጥሪ፤ ብድሩን በሚመጣው ዓመት ትከፍያለሽ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ባለቤቴ ቁጭ ስትል አላያትም። «ላግዝሽ» ስላት «ተወው» ትለኛለች። ምን ላድርግ? (የዕለቱ የመጨረሻ ወረቀት፣ በወንድ የእጅ ጽሑፍ)

ወንድሜ፣ «ላግዝሽ» አትበላት። እንዲህ ስትላት ምን እንደምታግዛት ማሰቡም የእሷ ሥራ ይሆናል። አንድ ሥራ ውሰድና ሙሉ በሙሉ ያንተ ይሁን። የልጆች ቁርስ ይሁን፣ የውኃ ነገር ይሁን። ውኃ ስታፈላ በደንብ ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ቆይቶ ይውረድ፤ ለጅማ ከፍታ ያ ይበቃል። እራት ሲቀርብ እሷ ሳትቀመጥ አትጀምር፤ ልጆቹም እጃቸውን ይሰብስቡ።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ልጆቹን ይዘህ ወደ ጅሬን ውጣ። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አሳያቸው፣ ከተማዋን ከላይ ይዩአት፣ በእግራቸው ይሩጡ። እሷ ቤት ትቅር። ስትመለሱ ተኝታ ካገኛችኋት አትቀስቅሷት።